ለአባባ ይመር የመረጥኩት መጋረጃ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት ወልድያ ካለ መጋረጃ ቤት ደወለችልኝ። እዚያው አዲስ ቤት ልትገባ ነው። በስልኳ ካሜራ ጨርቁን ሁሉ በየተራ ታሳየኛለች፤ ወርቃማ፣ አመድማ፣ አበባ ያለው፣ የሌለው። «እማ፣ የቱ ያምራል?» አለችኝ። ሁሉም ያምር ነበር። እኔ ግን በመጋረጃ ነገር ለማንም የማልበገር ሴት ነኝ። ይህን ድፍረት ያገኘሁት ድሮ መርሳ ላይ፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው።

የተዳርኩት ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ነው። የባለቤቴ የሰይድ ወላጆች ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ስለነበር ከደሴ የሚመጣውም ወደ ደሴ የሚወጣውም መኪና በደጃችን ነበር የሚያልፈው። ብርቱካን የሚደርስበት ወቅት ነበር። መንገድ ዳር የተከመረው ብርቱካን ከናፍጣው ጭስ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

የሰይድን አባት አባባ ይመር እላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ከሠርጋችን ትንሽ ቀደም ብሎ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። አልጋቸው በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነበር፤ መስኮቱ ላይ ግን ጠቆር ያለ ቀይ፣ ወፍራም የከፋይ መጋረጃ ተሰቅሏል። የሰቀሉት ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ ናቸው። ያን ሁሉ አገር የሚያውቃቸውን ሾፌር አፋቸው ጠመም ብሎ፣ ተኝተው፣ መንገደኛ እንዲያያቸው አልፈለጉም። ከፍቅር ነው። ሆኖም ክፍሉ በቀትርም ይጨልማል፣ ያፍናል፤ የመርሳን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መጀመሪያ መናገር ተዉ፣ ቀጥሎ መብላት። ገንፎ በማንኪያ ሳቀርብላቸው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። አንድ ቀን ሰይድ ከጓሮ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት።

በዚያው ሰሞን ዒድ ደረሰና መጋረጃ እንለውጥ ተብሎ ከእማማ ጋር ወልድያ ገበያ ሄድን። እማማ ከበፊቱም የወፈረ ከፋይ አንስተው ይዳብሱ ጀመር። እኔ ነጭ ስስ ጨርቅ አነሳሁ።

«ይሄማ ወንፊት ነው» አሉ። «ባሌን ለመንገደኛ ልታሳዪብኝ ነው?»

«በቀን ከውጭ አይታዩም፣ እማማ። እሳቸው ግን ያያሉ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ፊቴ በስስ ተሸፍኖ አልነበር? እናንተ አላያችሁኝም፤ እኔ የሁላችሁንም ፊት አየሁ። አንቱም በሻሽዎ ጫፍ እንባዎን ሲጠርጉ አይቻለሁ።»

ደንገጥ ብለው አዩኝ። ምራት ከአማቷ ጋር ገበያ መሀል መከራከሯ የተለመደ አልነበረም፤ ባለሱቁ እንኳ አንገቱን ደፋ። እኔ ጨርቁን አልለቀቅሁም። «ማታ መብራት ሲበራ ከውጭ ስለሚያሳይ፣ ሲመሽ የድሮውን ከፋይ በላዩ እንስባለን። በቀን ከታዩ ግን እኔው በእጄ አወርደዋለሁ» አልኳቸው። ገዛነው። ወደ መርሳ ስንመለስ እማማ ጨርቁን እኔን አሸክመው ፊታቸውን ወደ መኪናው መስኮት አዞሩ። ሲሪንቃ ስንደርስ እናቴ ቤት ሊያወርዱኝ ነው ብዬ ልቤ ፈርቶ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሰፍቼ ሰቀልኩት። እማማ አላመኑኝም፤ አስፋልቱን ተሻግረው ጠርዙ ላይ ቆመው፣ በእጃቸው ፀሐይዋን ከልለው፣ አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ እያሉ ወደ መስኮቱ ያፈጣሉ። ምንም አልታያቸውም። እኔ ከአልጋው አጠገብ ነበርኩ። ብርሃኑ ትራሱ ላይ ሲያርፍ አባባ ቀስ ብለው ዞሩ። ቆይተው ቆይተው አዩ። ከዚያ የቀረቻቸውን ድምፅ ሁሉ አሰባስበው፣

«ዘሃራ! ከመኪና መንገድ ውጪ!» ብለው ጮኹ።

እማማ በቆሙበት ደረቁ። ወዲያው እየሮጡ ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። «አየኸኝ እንዴ?»

«ሻሽሽ ተገልብጧል» አሏቸው አባባ፣ በሚጎተት ምላስ። እማማ ሳቁም አለቀሱም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

የዚያን ቀን ገንፎው ተበላ። ከዚያ ወዲህ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይነግሩን ጀመር፤ ይኼ ኤንትሬ ከሐራ ማሽላ ጭኖ ነው፣ ያኛው ሾፌር ማርሽ አያውቅም። እግራቸው አልተመለሰም፤ እሳቸው ግን ብዙ ዓመት አብረውን ኖሩ። እማማም ለጎረቤት «ምራቴ የመረጠችው ነው» ይሉ ነበር። እያደር ራሳቸው የመረጡት እየመሰላቸው ሄደ፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ለሐያት ይህን ሁሉ በስልክ አልተረክሁላትም። «ቀለሙን ተይውና፣ መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው? ከሥሩስ ማን ነው የሚውለው?» አልኳት። ስልኩን ከጨርቁ መልሳ ፊቷን አሳየችኝ። አብዛኛው ሰው መጋረጃ የሚመርጠው እንግዳ እንዲያደንቅለት ነው፤ እንግዳ ሻይውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ብርሃኑንና ሙቀቱን ይዞ የሚቀረው የቤቱ ሰው ነው።

«እሱን አላሰብኩትም፣ እማ» አለችኝ።

ቅዳሜ ወልድያ እሄዳለሁ። ከመስኮቷ ሥር ወንበር ስቤ ከጠዋት እስከ ማታ እቀመጣለሁ። ጨርቁን ከዚያ በኋላ እንመርጣለን።