በሾፌሩ ፋንታ እጅ ስነሣ

ሥራ የጀመርሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ዱቄት በሚያመላልስ የጣልያን ካሚዮን ላይ ነው። ማዕረጌ እጅ ነሺ ነበር። ከእኔ በፊት ማዕረጉን የያዘ የለም፤ ከእኔም በኋላ የሚይዘው አይመስለኝም። ስለዚህ የሙያው አንጋፋ እኔ ነኝና እንደ አንጋፋ አድምጡኝ።

ሾፌሩ ወንድሜ ያረጋል ነው። ጢሙ ገና ነው፤ ካሚዮን ግን ይነዳል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ በደንብ ተቀጥቶ አድጓል። ታላቅ ሰው ሲያይ መቀመጥ አይችልም። እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት የነፍስ አባታችንን መንገድ ዳር አያቸውና መሪውን ለቆ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ካሚዮኑም አብሮት እጅ ነሣ፤ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ተክሎ።

ሊያሠለጥነን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ካቦ ጮኸ። "መሪውን ለምን ለቀቅህ?"

"ታዲያ ተቀምጬ ነው እጅ የምነሣቸው፣ ጌታዬ?"

ካቦው ይህን ሥልጣኔ አልወደደውም። "ሁለተኛ ቦይ ከገባህ ዓባይ በረሃ ወርደህ ድንጋይ ትፈልጣለህ" አለው። እዚያ ወርዶ ወባ ሳይዘው የተመለሰ ጥቂት ነው።

በማግሥቱ ምሳ ይዤለት ስሄድ ካቦውን፣ "ከጎኑ ልቀመጥና በእሱ ፋንታ እኔ እጅ ልንሣ" አልሁት። እስኪያስለው ሳቀ። ግን ፈቀደ።

አሠራሩ ይህ ነው። ከሾፌሩ ቀድሞ መንገድ ዳሩን ማየት። ለቄስ ነጠላ አጣፍቶ እስከ ወገብ ማጎንበስ። ለሽማግሌ ብድግ ማለት፤ ጣራው አናት ይመታል፣ ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ሲታለፍ ለሁለት ሰው ማማተብ።

"ቆነጃጅቱን እንኳ ለእኔ ተዪልኝ" አለ ያረጋል።

"እነሱም በእኔ በኩል ነው።"

"ምን ልትያቸው?"

"ሥራ ላይ ነው እላቸዋለሁ።"

ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። እንደዚያ ቀን ቀጥ አድርጎ ነድቶ አያውቅም።

አንድ የገበያ ቀን አማኑኤል መግቢያ ያለውን ቁልቁለት ስንጀምር፣ ከመታጠፊያው አጠገብ አባባ ከሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ልጃቸው ሲነዳ አይተው አያውቁም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሰላምታቸውን ይጠብቃሉ። የያረጋል ጉልበት ሲዘረጋ አየሁና በቀበቶው ይዤ ጎተትሁት።

"ተቀመጥ!"

"ኧረ አባባ ናቸው!"

"አባባን ለእኔ ተዋቸው፤ አንተ መንገዱን እይ!"

በመስኮት እስከ ወገቤ ወጥቼ እጅ ነሣሁ። መታጠፊያውን ስንዞር አንዲት ጌሾ ሻጭ ከነአህያዋ መሀል መንገድ ቆማለች። ያረጋል ፍሬኑን ረገጠ። ካሚዮኑ የአህያዋን ጆሮ ሊነካ ሲል ቆመ።

"ዓይን የለህም አንተ?" አለች ሴትዮዋ።

"አለው፣ እትዬ፤ ባይኖረው መች ይቆም ነበር" አልኋት።

ማታ ቤት ገብተን የአባባን ጉልበት ልንስም ስናጎነብስ እግራቸውን ሰበሰቡ። "ሹም ሆነሃል አሉ። ሹም ለማንም አይነሣም።" ስለ አህያዋ ልነግራቸው ስጀምር፣ "አንቺ ደግሞ ጠበቃ!" ብለው አስቆሙኝ። ያረጋል ራቱን ሳይቀምስ ተነሣ። "ለሚቀጥለው ገበያ እነሣላቸዋለሁ፤ በረሃም ብወርድ ልውረድ" አለኝ።

ገበያው ደረሰ። አባባ እዚያው ቦታ ቆመዋል። ያረጋል ባርኔጣውን አወለቀ፤ እኔም ቀበቶውን ጨበጥሁ። ይኼን ጊዜ አባባ ካሚዮኑን አዩና ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጡን። ሽማግሌዎቹም እንዲሁ ዞሩ።

"አባባ ጣሉኝ" አለ ያረጋል።

"መንገዱን እይ" አልሁት። እኔም የጣሉት መስሎኝ ነበር።

ዱቄቱን ስናራግፍ አባባ መጡ። "ጌሾ ሻጯ ነገረችኝ" አሉ። "ፊቴን ብሰጥህ ልትነሣ ነው። ጀርባዬን ከሰጠሁህ ግን አላየሁህም፤ ያላየሁትን ሰው ለምን አልተነሣህም አልለውም። አሁን ወርደሃል፤ ና ሳም።" ያረጋል ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ካሚዮን ሲመጣ ሽማግሌ ሁሉ ጀርባውን ይሰጣል። አንድ ቀን አብሮን የተሳፈረው ካቦ ግራ ገባው። "ጀርባ የሚሰጡኝ ለምንድን ነው?"

"አክብሮት ነው፣ ጌታዬ" አልሁት። ለሾፌሩ ማለቴ ነው።

የእኔም ሥራ በዚሁ ተዘጋ። ከሙያው የተማርሁት ይህን ነው፤ መሪ የያዘ ሰው መንገዱን ይይ። ለሰላምታው ከካሚዮኑ ሲወርድ ይደርሳል።