ለእንጦጦ ማር ክብሪት ይዤ

ቅዳሜ ጠዋት ከአያት ተነሣሁ። ባለቤቴ አራስ ናት፤ "የከተማው ማር ስኳር ነው፣ ከንብ አርቢ እጅ ገዝተህ አምጣልኝ" ብላ ወደ እንጦጦ ላከችኝ። በባቡር እስከ መገናኛ፣ በታክሲ እስከ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ፈረንሳይ ሰፈር። ወረፋው ከመንገዱ ይረዝማል።

ዳገቱ

ከአስፋልቱ በኋላ ያለው በባሕር ዛፍ መሃል የእግር መንገድ ነው። ላቤ ሸሚዜን አልፎ እስከ ኪሴ ዘለቀ። አንድ ቄስ የንብ አርቢዋን የወይዘሮ አስካለን ቤት ስጠይቃቸው "ንቡን ስትሰማ ደርሰሃል" አሉኝ።

ጓሮው

ወይዘሮ አስካለ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድሩት በማር ነው። ገብሱና ድንቹ ከቀለብ አይተርፍም። "ዘንድሮ ከቀናኝ ዘመናዊ ቀፎ እጨምራለሁ" አሉኝ። ቀንቷቸውም ነበር፤ ቀበና ጠጅ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት ማሩን በሙሉ ሊወስዱ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

እኔ ግን አዋቂ ነኝ። ክብሪት አወጣሁ። እንጨቱ ማር ውስጥ ተነክሮ ሲጫር ከነደደ ማሩ ንጹሕ ነው፣ ካልነደደ ስኳር አለበት ይባላል።

"እማማ፣ ቅር አይበልዎት፣ ልሞክረው?"

"ሞክረው ልጄ፣ ምን ቸገረኝ።"

ጫርኩ። እምቢ አለ። ደገምኩ፣ አሁንም እምቢ። የጠጅ ቤቷ ባለቤት ጀሪካናቸውን አነሡ። "ቸኩያለሁ አስካለ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ" ብለው ወረዱ።

ለማረጋገጥ ብዬ ማር ያልነካውን ክብሪት ጫርኩ። እሱም አልነደደም። ክብሪቱ በላቤ ርሷል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሮጬ ታክሲው ጋ ደረስኩባቸው። "እትዬ፣ ጥፋቱ የክብሪቴ ነው፣ ማሩ ንጹሕ ነው" አልኳቸው።

እጄን አዩ። "ታዲያ አንተ የገዛኸው የታለ?"

ባዶ እጄን ነበርኩ። እሳቸውም ታክሲው ውስጥ ገቡ።

መልስ

ተመልሼ ወጣሁ። ሴትዮዋ እንዳላመኑኝ ለወይዘሮ አስካለ ነገርኳቸውና ዋጋ ሳልከራከር ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ለአራስ መሆኑን ሲሰሙ "እንኳን ማርያም ማረቻት" አሉና በጭልፋ ሞልተው ጨመሩልኝ። "ይኼ ምርቃቱ ነው።" ሊጨምሩት ስላሰቡት ቀፎ ሳልጠይቃቸው ማሬን ይዤ ወረድኩ።

አመሻሽ ላይ አያት ገባሁ። ሰው በሚሸጠው ላይ ገዢ ፊት መጠራጠር የሰውን እንጀራ መንጠቅ እንደሆነ የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። ባለቤቴ ማሩን ቀመሰች፤ ስለ ምርቃቱ ስነግራትም "ደግ ሴት ናቸው፤ ምን ብለህ አመሰገንካቸው?" አለችኝ።

"ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ" ይባላል። እኔ የተናገርኩትን ግን ለሚስቴም መንገር አልቻልኩም።