በዘበኛ የላክሁት እምቢታ

ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ስመደብ የተረከብኩት አምቡላንስ የእድር መኪና እንጂ የበሽተኛ መኪና አይመስልም ነበር። ድንኳን ያመላልሳል፣ ለሰርግ በግ ይጭናል፣ ሬሳ ያደርሳል። ሾፌሩ ቀልደኛ ሰው ነው፤ «ሲስተር፣ እስካሁን በሽተኛ ብቻ ነው ያልጫንኩበት» ሲለኝ ስቄለት ነበር። ሳቄ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት በጋሪ እየተንገጫገጨች ግቢያችን ገባች። መኪናው የት ሄደ ብል ለአንድ ሹም ዘመድ ለቅሶ ድንኳን ሊያደርስ ነው አሉኝ። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቤ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ መኪና ነፍስ ላለው በሽተኛ እንጂ ለሌላ ለማንም አይንቀሳቀስም፣ የገዛ ዘመዴም ቢሆን፣ ብዬ ተናገርኩ።

ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው። ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ሞተ።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዳንግላ ቤት ተከራይቼ ስማር በየሳምንቱ ስንቄን ተሸክሞ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ቤቱ ዘንገና አካባቢ ነው። ታሞ ዳንግላ ሴት ልጁ ዘንድ ሰንብቶ እዚያው አረፈ። ሬሳው ወደ አጥቢያው መምጣት አለበት፤ ከአባቶቹ ተለይቶ ይቀበር ማለት በእኛ አገር የማይታሰብ ነገር ነው። ጠዋት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በመስኮት ስመለከት ወንድ ልጁ ከሁለት ሽማግሎች ጋር የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍቷል። ምን ፈልገው እንደመጡ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሽማግሌ ፊት ቆሜ እምቢ ማለት አልችልም። ያደግኩበት ነገር ነው፤ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ ቆሞ ይጠብቅሻል፣ አንቺ ደግሞ ቆሞ እያየሽው አያስችልሽም። ስለዚህ አልወጣሁም። ዘበኛውን ጠርቼ፣ ስብሰባ ላይ ናት፣ መኪናው አይሰጥም ብላለች በላቸው አልኩት። የምን ስብሰባ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ዘበኛችን የድሮ ወታደር ነው፤ ትዕዛዝ እንደወረደ ነው የሚያደርሰው፣ አይጨምርም አይቀንስም። ሦስቱም ሰሙት፣ ዞረው ሄዱ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እፎይ አልኩ።

ሬሳው የመጣው ከሰል ጭኖ በሚመላለስ ኢሱዙ ነው። ለቀብር ስደርስ ሊያወርዱት ነበር። የተገነዘበት ነጭ ጋቢ ጎንና ጎኑ በከሰል ጠቁሯል። ሴቶቹ በእጃቸው ሊያራግፉት ሲሞክሩ ጭራሽ እየተዛመተ ሄደ። ክው አልኩ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እንባ እንኳ አልወጣኝም፣ ዓይኔ ከዚያ ጥቁር ላይ አልነሳ አለ።

ከዚያ የባሰው ግን ገና ነበር። የአጎቴ ሚስት ከልጅነቴ ጀምሮ ከአገውኛ በቀር በሌላ ቋንቋ አናግራኝ አታውቅም። አማርኛ ለእሷ የገበያና የቢሮ ነው። ላቅፋት ስጠጋ ቀና ብላ አየችኝና በአማርኛ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ኃላፊዋ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችኝን እኔን አንቱ አለችኝ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ብትሰድበኝ፣ ብታባርረኝ በወደድኩ። አንዲት ሴት ወንበር አቀረበችልኝ፣ ለእንግዳ እንደሚቀርበው፣ እኔም ተቀመጥኩ።

ቢሆንም ልክ ነበርኩ፤ አሁንም ቢሆን ልክ ነበርኩ ነው የምለው። እየተብከነከንኩም ሥራዬን ቀጠልኩ። ሾፌሩ መኪናውን በየጠዋቱ ያሞቃል፣ በሽተኛ ያመጣል፣ ይወስዳል። ለድንኳን የሚደውል ጠፋ።

ሐዘኑ ገና ሳይበርድ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ከአስፋልቱ ወደ ግቢያችን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ሲታጠፉ አየሁ። በላዩ ጋቢ ተሸፍኗል። ደግሞ ማን ሞተ፣ ሬሳ ወደ ጤና ጣቢያ ምን ሊያደርግ ይመጣል ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። እንደዚያ ዓይነት ቁጣ ያለብኝ ሴት ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ሬሳው አቃሰተ።

ጋቢውን ስገልጠው የአጎቴ ልጅ ሚስት ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ የቃሬዛው ጠፍር በደም ርሷል። ከፊት በኩል ተሸክሞ ያመጣት ባሏ ነው። ከኋላ እናቱ፣ ያቺ አንቱ ያለችኝ፣ በባዶ እግሯ ቆማለች። አባቱን ወደ መቃብር ያደረሱበት ቃሬዛ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ከዘንገና ድረስ፣ በዚያ ጭቃ፣ ከዚያም በአስፋልቱ ዳር በእግራቸው ነው የመጡት። አምቡላንሱ ከእኛ ፊት ለፊት፣ ታጥቦ፣ ቆሟል።

«ለምን አልደወላችሁም?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «መኪናው ይኸው ቆሞ፣ ለምን አልደወላችሁልኝም?»

ባልየው ቃሬዛውን ሳያወርድ አየኝ። አልተቆጣም፣ ነገሩን የማላውቅ መስዬው ገረመው እንጂ። «አይሰጥም ተባልን እኮ» አለኝ።

«እሱ ለሬሳ ነው!»

«ለሬሳ ነው ብሎ የነገረን የለም።»

ዘበኛው ካጠገቤ ቆሞ ነበር፣ አንገቱን ደፋ፤ እሱ ምን አጠፋ፣ ያልኩትን ነው ያደረሰው። አዋላጇ እየሮጠች ባትመጣ ኖሮ እዚያው ዝናብ ላይ ቆሜ እቀር ነበር። ግሉኮስ ሰካንላት፣ ጫንናት፣ እኔም አብሬ ከኋላ ገባሁ። የአጎቴ ሚስት የምራቷን እግር እቅፍ አድርጋ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ እኔን አላየችኝም። ሆስፒታል እንደደረስን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። እኔ መተላለፊያው ላይ ተቀምጬ የክፍሉን በር እያየሁ ጠበቅኩ። ስንት ወላድ ያየሁ ሴት ነኝ፣ እንደዚያ ቀን ሆኜ አላውቅም።

ተረፈች። ልጁም ተረፈ፣ ወንድ ነው። ሐኪሙ ወጥቶ፣ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም አታገኟቸውም ነበር ሲል የአጎቴ ሚስት መሬቱን ሳመች። ከዚያ በእኔ አጠገብ አልፋ ወደ ምራቷ ሄደች።

ወራት አለፉ። አንድ የክትባት ቀን ደጁ በእናቶች ሞልቶ ሳለ ሌሎች ሽማግሎች መጡ። ጎረቤታቸው ሆስፒታል ሞቶባቸው ሬሳውን መኪናው እንዲያደርስላቸው ነው። ዘበኛው ሊነግረኝ ገባ፤ ምን ልበላቸው እንደማለት አየኝ። እኔ እወጣለሁ አልኩት። ወጥቼ እጅ ነሥቼ በአገውኛ ሰላም አልኳቸው፣ እግዜር ያጽናችሁ አልኳቸው። ከዚያ አልችልም አልኩ። ዓይናቸውን እያየሁ፣ ለሬሳ አልሰጥም፣ ነፍስ ላለው ሰው ግን በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ፣ እስከ መንገዱ ድረስ እመጣለሁ፣ ይህ ስልኬ ነው አልኩ። ቆሙ። እኔም አብሬያቸው ቆምኩ። ከለመኑኝም በኋላ ያንኑ ደገምኩላቸው። አንደኛው የዘረጋሁለትን እጅ ሳይጨብጥ ሄደ፤ ገባኝ፣ አልተቀየምኩትም።

ዞር ስል የአጎቴ ሚስት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑን ልታስከትብ ይዛው መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። አጠገቧ እንድቀመጥ በእጇ አግዳሚውን መታ መታ አደረገች። ተቀመጥኩ። ልጁን ጭኔ ላይ አኖረችውና ከቀብሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገውኛ አናገረችኝ።

«እኛንም እንዲህ ብትነግሪን ኖሮ እንቆጣሽ ነበር» አለች። «ግን እንደውልልሽ ነበር።»