ሻምበልን ያጠጣነው ወተት

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ገብቼ የግቢዬን በር ስከፍት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ወጥ የሠራ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔ በሥራ ቀን ከሽሮ ሌላ የማላውቅ ሴት ነኝ። ደግሞም ሽታው የድስት ሽንኩርት ሳይሆን የከረመ ዓሣ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሽታ ነበር። ልጄ ከሰፈር ለምኖ ያመጣት ቡችላ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተጋድማ አንድ የተቦጫጨቀ ጥቁር ፌስታል ታኝካለች፤ ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ባለቤቴ ለአይጥ ብሎ ከአሶሳ ገበያ የገዛው ግራጫ ዱቄት ነው። ልጄ ቀድሞኝ አይቶ ኖሮ ወደ ቤት ሮጦ አንድ ኩባያ ወተት ይዞ ሲመጣ፣ እጁን መትቼ ወተቱን ደፋሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ስናሳድገው አንድ ቀን እጄን ያላነሣሁበት ልጅ ደርቆ ቀረ።

ምንም አልሰጠናትም። የተቀደደውን ፌስታል በሌላ ፌስታል ጠቅልዬ፣ ሰዓቴን አይቼ፣ ቡችላዋን በፎጣ አቅፌ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ በረርኩ። ወጣቱ ሐኪም ምን በላች፣ ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት ላይ ብሎ ጠየቀኝና ፌስታሉን አሽትቶ ወዲያው ሁላችንንም ወደ ውጭ፣ ነፋስ ወዳለበት አወጣን። ከሆዷ የሚወጣው ጋዝ ለሰውም አይሆንም አለ። መርፌ ወግቶ አስመለሳት፤ ሲጨርስም እጁን እየታጠበ፣ «እንኳን ወተት አላጠጣችኋት። ሰው ሁሉ ወተት ግቶ ነው የሚያመጣልኝ። ይሄ መርዝ ሆድ ውስጥ ምግብ ሲያገኝ ይብስበታል፤ አሲዱ ይነሣና ጋዙን ያፈላዋል» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳልጠይቅ የኖርኩትን ነገር፣ ሳልጠይቀው መለሰልኝ። ቡችላዋ ድናለች። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ ያደግኩባት ባምባሲ ነው።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የአማርኛ አስተማሪ ነበር፤ ሁለት ዓመት አስተምሬ እመለሳለሁ ብሎ መጥቶ፣ ማንጎ ቀምሶ የቀረ ሰው። ቤታችን የነቀምት መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ዳር ነበርና አቧራው በበጋ እንጀራችን ላይ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ግድግዳችን ላይ ያድራል። ውሻችንን ሻምበል ያለው አባቴ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ግቢውን ሲዞር ጦር የሚያሰልፍ ይመስል ነበር። እናቴ አንድ ቀን እውነተኛ ሻምበል ይሰማና ይቀየመናል ብላ ስለምትፈራ መንገድ ላይ ስትጠራው ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ውሻው ደግሞ በለሆሳስ ከጠሩት አይመጣም። ከትምህርት ቤት ስመለስ መታጠፊያው ላይ ይጠብቀኛል፤ ደብተሬን በአፉ ይዞ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል፤ በዚህ ምክንያት የአንድ ዓመት ሙሉ የቤት ሥራዬ የምራቅ ማኅተም ነበረበት።

ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ደምሴ የሚባል እህል ነጋዴ ይኖር ነበር። የአባቴ የአገር ልጅ ነው፤ በዓመት በዓል እኛ ቤት ይበላል፣ ስለ ጎጃም ጠላ አውርቶ ይተክዛል፣ ጠግቦ ይሄዳል። ከደጁ ላይ ራሱ የተከለው ማንጎ ነበረው፤ ጥላው የመንገዱን ግማሽ ይሸፍናል፣ እሱም በእንግዳ ፊት ሁሉ «ባምባሲ ላይ ይህን የሚያክል አምጡልኝ» እያለ ግንዱን እንደ ወይፈን ጀርባ ይመታዋል። በዚያ ጥላ ሥር ቀን ቀን ለውዝና የደረቀ ባሚያ የምትሸጥ ሃዋ የምትባል የበርታ ሴት ነበረች፤ እኛ ልጆቹ ሀቦባ እንላታለን፣ አያቴ እንደማለት ነው። ጋሽ ደምሴ እሷ እዚያ መቀመጧ ደስ አይለውም። ሂጂ ለማለት ግን ሚስቱን ይፈራል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አበባ የሚያጠጣ መስሎ መቀመጫዋ ላይ ባልዲ ውሃ ይደፋል፤ ሀቦባም ጭቃው ላይ ጆንያ አንጥፋ ትቀመጣለች።

ሻምበል ኃጢአት አልነበረበትም አልልም። የጋሽ ደምሴን ሁለት ዶሮዎች በልቷል፤ ሦስተኛዋንም ጅራቷን ነጭቶ ለቋታል። ጋሽ ደምሴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «መምህር፣ ይህን ሻምበላችሁን ብታስሩት ይሻላል፤ ኋላ እኔ ጡረታ አወጣዋለሁ» አለው። አባቴ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኑን አይቼዋለሁ፤ ዓይኑ አልሳቀም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሻምበል ከአጥሩ ሥር ካለችው ቀዳዳ እየተንገዳገደ ወጣ። ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አፉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሄጄ ሳይ፣ ከቀዳዳዋ ማዶ በወረቀት ላይ የተቀመጠ፣ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት የጉበት ቁራጭ ተርፏል። ጩኸቴን ሰምታ ሀቦባ ከዛፉ ሥር ተነሥታ መጣች፤ በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ሻምበልን አንድ ጊዜ አየችውና እጇን አወናጨፈች።

«ወተት አትስጥ! ውሃ አትስጥ፣ ምንም አትስጥ! ያ ወረቀት ያዝ፣ ከብት ሐኪም ጋ ሂድ፣ ቶሎ ሂድ። ፍየል የኔ እንዲህ ሞተ፣ ወተት ሰጠሁ፣ ሞተ።»

እናቴ ወተቱን ይዛ ነበር፤ ለሕፃኑ ወንድሜ ተብሎ የተቀመጠውን ሙሉ ጣሳ። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለውን ከእናቷ ሰምታለች፣ እናቷም ከእናቷ። ሀቦባ ደግሞ ውሻ ልብሷን ቢነካት ውሃ ፍለጋ የምትሮጥ ሴት ናት፤ ሻምበል ሲያልፍ ቅርጫቷን አንሥታ ትቆማለች። እናቴ ቀና ብላ ሳታያት፣ «ውሻ የማይነካ ሰው ስለ ውሻ ምን ያውቃል!» አለች። አባቴም ለሦስት ዓመት በየቀኑ ሰላም የሚላትን ሴት «እሺ፣ እሺ እትዬ ሃዋ፤ እናመሰግናለን» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋባት። የከብት ሐኪሙ ቤት ከእኛ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ አይሞላም ነበር።

መንጋጋውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲይዘው ይታገላል፣ ለእኔ ግን ራሱን ይሰጣል ተብሎ። ሻምበል በዕድሜው ወተት ተሰጥቶት አያውቅም፤ ወተት የሰው ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ሥቃይ ላይ ሆኖ የጣሳውን ሽታ ሲያገኝ ጅራቱን ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ፤ ደስ ብሎት ጠጣ። ጣሳው እስኪያልቅ አጠጣነው። ግማሽ ሰዓት አልቆየም፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ መንፈራገጥ ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ሊጎበኘን መጣ። እናቴ ያቀረበችለትን ቆሎ እየቆረጠመ፣ «እኔ ያስቀመጥኩት ለአይጥ ነው፤ ሻምበል አይጥ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብሎ ሳቀ። አባቴ የአገር ልጅ እንዳይከፋው ብሎ አብሮት ፈገግ አለ። ጉበት የሚቀርብለት አይጥ ባምባሲ ውስጥ የት እንዳለ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማታ በጸሎት ሰዓት እናቴ ፊቴን አይታ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብትለኝ፣ ጸሎቱን ተውኩትና ቂሙን ያዝኩ። አሥር ዓመቴ ነበር። ያቺ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

ጋሽ ደምሴ ምን ቢሆንበት አንጀቱ እንደሚያርር ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ዛፍ እንዴት እንደሚገደል ደግሞ የባምባሲ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ማሳ የሚያወጡ ገበሬዎች ትልቁን ዛፍ በመጥረቢያ አይደክሙበትም፣ ቅርፊቱን ከሥር ዙሪያውን ልጠው ይተዉትና ቆሞ ይደርቃል። የአባቴን ሰንጢ ሰረቅኩ። ሀቦባ ለቀትር ሰላት ስትሄድ ለውዟን የምታስጠብቀው እኔን ነበር፤ በእኔ ትተማመናለች። እሷ ስትሰግድ እኔ ከግንዱ ኋላ ተንበርክኬ፣ አፈሩን ገለጥ አድርጌ፣ በቀን ጣት የምታህል ቅርፊት እልጣለሁ፤ ከዚያ አፈሩን መልሼ፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ጨዋ ሆኜ እቀመጣለሁ። ቀለበቱን ለመግጠም ክረምቱ ሙሉ ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ በትጋት የሠራሁት ሥራ የለም፤ አስተማሪዎቼ ሰነፍ የሚሉኝ ምን ስለማያውቁ ነው እያልኩ እኮራ ነበር።

ዛፉ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉ ጠወለገ፤ ፍሬው እንደ ሎሚ አንሶ ቀረ፤ ከዚያ ደረቀ። ጋሽ ደምሴ የግብርና ባለሙያ ጠርቶ ምስጥ ነው ተባለ፤ ጋዝ አፈሰሰ፣ አመድ ነሰነሰ፣ ግንዱን እንደ ታመመ ከብት ሲዳብስ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬም ያንን ሳስታውስ ደስ ይለኛል።

ደስታዬ ግን አንድ ወር አልሞላም። ለካ ቦታውን ለሱቅ ከተመኘው ቆይቷል፤ ሚስቱ ግን የልጆቼ ማንጎ ነው እያለች ለዓመታት አላስነካ ብላው ኖሯል፤ ዛፉ ሲደርቅ ምን ትበል? አስቆረጠውና ቦታው ላይ በቆርቆሮ ሱቅ ሠራ። ከመንገድ ዳር፣ መኪናው ሁሉ ከሚቆምበት ላይ። ለስላሳ መጠጥ በማቀዝቀዣ ያስገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ሰውየውን አቃጥላለሁ ብዬ ቦታ ጠርጌ ሰጠሁት።

ሀቦባ ጥቂት ሳምንት በሱቁ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። የባምባሲን የመጋቢት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነጠላዋን በእንጨት ወጥራ ጥላ ልትሠራ ሞከረች፤ የሱቁን በር ጋረድሽ ተባለች። ከዚያ አንድ ቀን ስመለስ ጆንያዋ የለም። መንጌ ወደምትኖረው ልጇ ሄዳለች አሉ። ቅርጫቷን ይዛ ስትወጣ ማን እንደሸኛት አላውቅም፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አባቴና እናቴ ከዚህ ዓለም እስኪለዩ ድረስ በዚያ ቅዳሜ በር ላይ ቆማ የነገረችንን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። እኔም አላነሣሁም፤ ጥፋቱ ሁሉ የጋሽ ደምሴ እንዲሆን እፈልግ ነበር።

ሐኪሙ ከነገረኝ በኋላ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ መንጌ ወረድኩና ለውዝ ትሸጥ የነበረች የባምባሲዋን ሃዋ ብዬ ስጠይቅ እስከ ደጇ ወሰዱኝ። በጣም አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል። እጄን ይዛ ቆየችና፣ «አንተ የመምህር ልጅ ነው» አለችኝ። ለወንድም ለሴትም አንተ የምትለው ድሮም እንዲሁ ነው። ስለ ወተቱ ነገርኳት፤ ትክክል ነበርሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስለ ዛፉ ነገርኳት፤ ምስጥ እንዳልነበረ፣ ጥላዋን የወሰድኩባት እኔ እንደሆንኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «ከሰላት ስመጣ ለውዝ ላይ ቅርፊት አለ። በየቀኑ አለ። እኔ አራግፋለሁ።»

ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«እኔም ደምሴ ይጠላል። ጠዋት ውሃ ይደፋል፣ እኔ ጭቃ ላይ ቁጭ ይላል። ይህ ልጅ ይላጥ አልኩ፤ ዛፍ ይድረቅ፣ ደምሴ ያልቅስ አልኩ። ጥላ የኔ እንደሆነ ረሳሁ።» እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «አንተ ልጅ ነበር። እኔ ትልቅ ሰው ነበር። እጅ መያዝ ነበረ። ይቅር በል።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ይቅርታ ተጠየቅኩ። ጋሽ ደምሴ ከሞተ ቆይቷል፤ ሱቁን ልጆቹ ፎቅ አድርገውታል፤ እሱን እስከ ዛሬ አልማርኩትም፣ መቃብሩም ይስማኝ። ከመንጌ እስከ አሶሳ በሚኒባሱ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ያለቀስኩት ግን ለሀቦባ ነው።