በአዲሱ አልበም የተኳረፉት የልጅ ልጆቼ

"አባባ፣ ለዚህች ልጅ ንገርልኝ፤ ቡናውን በደንብ ታገላብጥ!" አለችኝ ዛሬ ከሰዓት የልጅ ልጄ ሜሪ።

"ይህች ልጅ" የተባለችው ታናሽ እህቷ ቤቲ፣ ከዚያው ከቡና ማድረቂያ አልጋ ማዶ ቆማለች።

የሚወዱት የሲምፎኒክ ሜታል (ከባድ ጊታርን ከኦርኬስትራ ጋር የሚያዋህድ ሮክ) ባንድ አዲስ አልበም ካወጣ ወዲህ አይነጋገሩም። ሜሪ "ጊታሩን ገደሉት" ትላለች። ቤቲ ደግሞ "ገና አሁን ሙዚቃ ሆነ" ባይ ናት።

ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ኢርፎን ሰክተው፣ ሜሪ በድሮው አልበም እየተጣደፈች፣ ቤቲ በአዲሱ እየተንሳፈፈች ያገላብጣሉ። በሜሪ በኩል ያለው ቡና እረፍት አጥቷል፤ በቤቲ በኩል ያለው እንቅልፍ ወስዶታል።

ቤቱ ጭር ብሎብኝ ስለከረመ "ኢርፎኑን ንቀሉት፣ አዲሱን እኔም ልስማው" አልኩ።

ከሸኮ ጫካ በኩል ጉም ይወርዳል። የዘፋኟ ድምፅ ከጉሙ ጋር መጣ። ጫካው፣ ቀዩ ቡና፣ የልጆቹ እጅ፣ ሁሉም ከመሬት ቀስ ብሎ የተነሳ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እህስ አባባ፣ ፍረድ!"

"ዘፋኟ ባል አላት?"

"አባባ!" ብለው እኩል ጮኹብኝ፤ እኩልም ሳቁ።

ከዚያ ሜሪ ወደ እህቷ ዞር ብላ "አንቺ፣ እስቲ ጊታሩ የሚገባበትን ድገሚልኝ" አለቻት።

ይህን ስጽፍ ጉሙ ሸፍኗቸዋል፤ ጭቅጭቃቸው ብቻ ይሰማኛል። እንዴት ደስ ይላል!

እናንተስ ቤት በዘፈን የተኳረፈ አለ? ማን ቀድሞ አናገረ?