ከዚራ፣ ፍራሹ ላይ

አገር ስዞር የሥዕል ትርኢት ካገኘሁ ምሳም አይታየኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ትርኢት እንዳለ ስሰማ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ገሰገስኩ። በሩ ላይ ዘበኛው «ግባና አረፍ በል አቦ» አለኝ።

የመጨረሻው ክፍል ስደርስ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ትራስና የሻይ ፔርሙዝም አለ። በዚያ ሰዓት ድሬ የማይጋደም የለምና ዘበኛው ማረፊያውን የለቀቀልኝ መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ ጋደም አልኩ፤ ሻይም ቀዳሁ።

ሰዎች ገብተው ከበቡኝ።

«ወላሂ፣ ቁርጥ ሰው ይመስላል» አለች አንዷ።

ፍራሹም ለእይታ የቀረበ ሥራ መሆኑ ያኔ ገባኝ። የሰው ድካም አበላሸሁ ብዬ ልነሳ ስል ሠዓሊዋ እየሮጠች መጣች።

«እንዳትነሳ አቦ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ቆሞ አይቶ ነው የሄደው።»

ከራስጌዬ የተለጠፈውን ወረቀት ቀና ብዬ አነበብኩ፦ «የድሬ ከሰዓት። ፍራሽ፣ ትራስ፣ ሻይ፣ እንግዳ።»