የማያቋርጠው ድልድይ

አቶ ኤርካሎ ዳና በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ በአንድ የመሠረተ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ንድፍ ሠሪ ሆኖ ዕድሜውን አሳልፏል። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አላስፈላጊ ነው፤ በየተሃድሶው ስለሚለወጥ ዛሬ ቢጠቀስ ለነገ አያገለግልም። በዘመኑ ቋንቋ የክፍል ኃላፊ «የሥራ ሂደት ባለቤት»፣ ተራው ሠራተኛ ደግሞ «ፈጻሚ» ይባል ነበር። ኤርካሎ ፈጻሚ ነበረ፤ ከነደፈው ውስጥ ግን በወጉ የተፈጸመ አልነበረም።

ይህ ማጋነን አይደለም። አዳራሽ ነድፏል፤ አዳራሹ በጀት አጣ። የገበያ ማዕከል ነድፏል፤ ማዕከሉ ለሌላ ከተማ ተሰጠ። የሕዝብ መናፈሻ ነድፏል፤ መናፈሻው «የትኩረት መስክ አይደለም» ተብሎ በግምገማ ቀረ። በሕይወቱ የተሠራለት አንድ የዘበኛ ቤት ብቻ ነው። እሱንም ግንበኞቹ በሩን ወደ ግቢው አጥር አዙረው ሠሩት፤ ዘበኛው በመስኮት ይገባና ይወጣ ነበር።

ባለቤቱ ወይዘሮ አስናቀች አስተማሪ ናት፤ ቃል አታባክንም። «ያገባሁት ሰው ሶዶን በወረቀት ላይ ደጋግሞ ሠርቷታል፤ እኛ ግን ይኸው በሰው ቤት ተከራይተን እንኖራለን» ትል ነበር። ኤርካሎ ይስቃል እንጂ አይከራከርም። ሰነፍ አልነበረም፤ ዕውቀትም አልጎደለውም። ያጣው ነገር እምቢ ማለት ነው። አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በዚህች ከተማ አንድ ነገር፣ እሱ እንዳሰመረው፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ቆሞ ማየት።

ዕድሉ የመጣው በሰው ጉዳት ነው። በመናኸሪያውና በገበያው መካከል የሚያልፈው አስፋልት በገበያ ቀን ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ የአህያ ጋሪውንና የአርባ ምንጩን አውቶቡስ በአንድነት ይውጣል። ሕዝቡ ጀርባው ላይ ጎደሬና ቆጮ ተሸክሞ በመካከላቸው ይሹለከለካል። አንድ ቀን ቅቤ ነጋዴዋን ወይዘሮ አሳየሽን ባጃጅ ገጭቶ እግሯን ሰበራት። ኤርካሎና አሳየሽ በአንድ አጥቢያ የሚያመልኩ ናቸውና ኦቶና ሆስፒታል ሊጠይቃት ሄደ።

«ሳሮ፣ እህት አሳየሽ። እንዴት ሆንሽ?»

«ሳሮ፣ ወንድም ኤርካሎ። እግሬስ ይድናል። የሚያንገበግበኝ ሰዉ ነው። እኔ አስፋልት ላይ ተዘርሬ፣ እነሱ ‹ቅቤው ንጹሕ ነው፣ ከላይ ከላዩ ግፈፉት› ይባባሉ ነበር።»

«ድልድይ ሊሠራ ነው ይባላል።»

«ወንዝ በሌለበት?»

«በመኪኖቹ አናት ላይ የሚያልፍ፣ ለእግረኛ ብቻ።»

አሳየሽ በጄሶ የታሰረ እግሯን አየችና፣ «ገባኝ። መኪና ከሚገጨኝ ከሰማይ ብወድቅ ይሻላል ብላችሁ ነው» አለችው።

ወሬው እውነት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቶማ ቦጋለ ኤርካሎን አስጠራው። ቶማ በዕድሜ ያንሰዋል፤ ስለዚህ «ጋሽ» ይለዋል። የፖለቲካ ሥልጠና በብዛት ወስዷል፤ ከሥልጠናዎቹ ያተረፈው ጥያቄን በመግለጫ የመመለስ ችሎታ ነው።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ የእግረኛ ድልድይ እንድንሠራ አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«መልካም ነው። ከየት ወደ የት?»

«አቅጣጫ ተቀምጧል አልኩዎት እኮ።»

ኤርካሎ አመስግኖ ወጣ፤ አቅጣጫውን ራሱ ሊፈልግ ወደ መንገዱ ዳር ሄደ። በገበያ ቀናት እየቆመ የሰዉን አካሄድ አጠና። ሸክም የተሸከመ ሰው ደረጃ ከመውጣት ይልቅ ከባጃጅ ጋር መጋፋትን እንደሚመርጥ ተረዳ። ስለዚህ በደረጃ ፈንታ ቀስ ብሎ የሚያዘነብል መወጣጫ ነደፈ፤ ሁለት ባለ ሸክሞች ሳይነካኩ እንዲተላለፉም ስፋቱን ጨመረ። መነሻውን በመናኸሪያው በኩል፣ መውረጃውን ማዶ በገበያው ጎን አደረገ። ያ የመጀመሪያው ንድፍ ነበር፤ ስሕተት አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የጎደለውን ስሕተት ለማሟላት የተደረገ ጥረት ነው።

በመጀመሪያው ግምገማ መወጣጫው ቦታ ይፈጃል ተባለ። በቦታው በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ኮንቴይነር ነበር፤ ወጣቶቹ ኮንቴይነሩን አከራይተው ሄደዋል፤ ቢሆንም በሪፖርት ላይ ሥራ ላይ ስለነበሩ መነሣት አልቻሉም። ኤርካሎ መወጣጫውን ሰርዞ ጠባብ ደረጃ አደረገው። ጎደሎ ድልድይ ካልተሠራ ድልድይ ይሻላል ብሎ ራሱን አጽናና።

በሁለተኛው ግምገማ የሴቶች ጉዳይ ተወካይዋ ወይዘሮ ሽታዬ እጇን አወጣች።

«እኔ ቀሚስ ለብሼ ከላይ ስሄድ ከታች የሚቆመው ማነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ኤርካሎ ግን አልሳቀም፤ ይህን ራሱ ማሰብ ነበረበት። ጎንና ጎኑን በላሜራ ሸፈነው። የሕዝብ ግንኙነቱ ክፍል ላሜራውን ባየ ጊዜ መፈክር ይጻፍበታል ብሎ ከሰው ቁመት በላይ አስረዘመው። በዚህ ዓይነት ድልድዩ ከውስጡ ምንም የማይታይበት፣ ከውጭ ግን የሚነበብ ሆነ።

ሦስተኛው ግምገማ የማዶውን መሬት ያዘ። የገበያው ጎን፣ ከአስፋልቱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ መታጠፊያ፣ ለአንድ ባለሀብት ሆቴል ታጥሮ ነበር። ባለሀብቱን ያየው ሰው የለም። ሆቴሉን የሚያሳየው ሥዕል ፀሐይ መትቶት ነጥቷል፤ በግቢው ውስጥ የዘበኛው ላሞች ይግጣሉ።

«ይህ መሬት አይነካም፤ ኢንቨስትመንት እናሸሻለን» አለ ቶማ። «መውረጃውን ከባለሀብቱ ይዞታ ውጪ ያድርጉት።»

ኤርካሎ ንድፉን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አስተዋለው። ከይዞታው ውጪ የቀረው መሬት መነሻው ያለበት የመናኸሪያው ጎን ብቻ ነው። ተነሥቶ ቆመና ማለት የሚገባውን አለ።

«አቶ ቶማ፣ እንደዚያ ከሆነ ድልድዩ አያቋርጥም።»

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አማርኛ መንገድ መሻገርንም ሥራ ማቆምንም በአንድ ቃል «ማቋረጥ» ይላቸዋል። በዚያ አዳራሽ የተሰበሰቡት አብዛኞቹ በቤታቸው የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ አማርኛን የሚያውቁት በቢሮ፣ ያውም በሪፖርት ነው። በሪፖርት አማርኛ ደግሞ «የማያቋርጥ» የሚለው ቃል «ልማት» ከሚለው ተለይቶ ውሎ አያውቅም። ቶማ የሰማው ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የድጋፍ ቃል ነበር።

«እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው» አለ ፊቱ እየበራ። «ጋሽ ኤርካሎ ጥሩ አስቀምጠውታል። መሬት ባይኖር፣ በጀት ቢያጥር፣ ኪራይ ሰብሳቢው ቢያሸብር፣ ድልድያችን አያቋርጥም።»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ሽታዬ ሳትቀር አጨበጨበች።

ጉዳዩን ማለዘብ አይገባም። ኤርካሎ የተፈጠረውን ስሕተት በሚገባ ተረድቷል። እጁን አንሥቶ «መሻገር ማለቴ ነው» ቢል ሦስት ቃል ይበቃው ነበር። ነገር ግን ያን ቢናገር ድልድዩ እንደ አዳራሹና እንደ መናፈሻው ይቀራል፤ ደግሞም ከተወለደ ጀምሮ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ተቀመጠ።

ሥራው በፍጥነት ሄደ። ተቋራጩ ከሌላ አገር የመጣ፣ ከንድፉ ንቅንቅ የማይል ሰው ነበር። አንድ ምሰሶ አላጓደለም፤ አንድ ደረጃ አላዛነፈም። ኤርካሎ በየዕለቱ እየሄደ ያሰመረው መስመር ሁሉ ብረትና ኮንክሪት ሲሆን ያይ ነበር። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ሐፍረቱም እንዲሁ። በዚያ ሰሞን ቤት ሲገባ ብዙ አይናገርም፤ አስናቀች «የድልድዩ ሰውዬ ምን ነካው?» ስትለው ደክሞኛል ይላታል።

የምረቃው ቀን እንግዶቹ ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነሥተው ደረጃውን ወጡ። ከእግረኛው መንገድ በላይ፣ ከእግረኛው መንገድ ጎን ለጎን ተጓዙና እግረኛው መንገድ ላይ ወረዱ። ላሜራው ረጅም ስለሆነ ከእነርሱ መካከል የት እንደ ደረሰ የጠየቀ አልነበረም። በላሜራው ላይ በትልልቅ ፊደል «የማያቋርጥ ልማት ለሕዝባችን» ተጽፏል። ይህም በቃል በቃል ንባብ ፍጹም ትክክል ነበር።

እንግዶቹ ወደ ምሳ ሲሄዱ አሳየሽ በምርኩዝ መጣች። ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች፤ በላሜራው ውስጥ ጠፋችና በወዲያኛው ጫፍ ብቅ አለች። ኤርካሎ ከታች ቆሞ ነበር። ቁልቁል አየችው፤ ማዶ ያለውን ገበያ አየች፤ እንደገና እሱን አየችው።

«ወንድም ኤርካሎ፣ ወደ ገበያው መውረጃው በየት ነው?»

«ውረጂ፣ እህት አሳየሽ።»

«ወርጄስ?»

እስክትወርድ ጠበቃት፤ ወርዳ አጠገቡ ስትቆም ቅርጫቱን ከጀርባዋ ተቀብሎ በራሱ ጀርባ አዘለው። ከዚያም አስፋልቱ ውስጥ ገብቶ አንድ እጁን ለባጃጆቹ አነሣ፤ በሌላው ክንዷን ይዞ ከድልድዩ ሥር አሻገራት። ማዶ ሲደርሱ አሳየሽ ዞር ብላ ሥራውን አየችውና፣ «ቁመናው ግን ያምራል» አለች። ኤርካሎን የወጋው ይህ ነው፤ እውነት ነበርና።

በማግሥቱ ወደ ቶማ ቢሮ ገባ።

«አቶ ቶማ፣ ድልድዩ ሰው አያሻግርም።»

ይህኛው ቃል ሁለት ትርጉም የለውም። ቶማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከንድፉ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ነግሬያለሁ፤ አጨበጨባችሁ።»

«ማጨብጨባችንን ሲያዩስ?»

«እኔም ደስ አለኝ።»

ቶማ ሞኝ አልነበረም። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ኤርካሎ፣ ሪፖርቱ ሄዷል። እንደ ተሞክሮም ተቀምሯል። ከጎረቤት ዞን ልዑክ ሊመጣ ነው፤ የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። እኔ የምለው፣ ስለ ቁመናው ያስረዱ።»

ልዑኩ መጣ። መሪው አቶ ገብረአማኑኤል የተባለ፣ ትሑትና ጠያቂ ሰው ነበር። ኤርካሎ በስብሰባ አዳራሹ ንድፉን ዘርግቶ ስለ ቁመናው አልጀመረም።

«ይህ ድልድይ መንገዱን አይሻገርም። የሚያወጣውም የሚያወርደውም በአንድ ጎን ነው። እኛ ሠራነው፤ እናንተ አትሥሩት።»

ቶማ ጣሪያውን አየ። ገብረአማኑኤል ግን በጥሞና አዳመጠ።

«ማዶ ስላልሄደ የወሰን ማስከበር ችግር አልገጠማችሁም ማለት ነው?»

«አልገጠመንም።»

«ካሳስ?»

«አልተከፈለም።»

«ሲሠራ መንገድ ተዘጋ?»

«ለምን ይዘጋል? መንገዱን አልነካውም።»

ገብረአማኑኤል ወደ ጓዶቹ ዞረ። «አያችሁ? የእኛን ድልድይ አንቆ የያዘው ይኸው ነው፤ ወሰን፣ ካሳ፣ ትራፊክ። እነዚህ ሰዎች ሁሉንም በአንድ ጊዜ ፈተውታል።» ከዚያም በአክብሮት ወደ ኤርካሎ ጎንበስ ብሎ፣ «የንድፉን ኮፒ ይሰጡናል። በየወረዳው ከተማ ልናስፋፋው እንችላለን» አለ።

ኤርካሎ የተዘረጋውን ንድፍ አየ። አንድ ነገር ብቻ ተሠርቶ ለማየት ተመኝቶ ነበር፤ አሁን መስመሩ በከተሞች ሁሉ ሊቆም ነው። አንድም እንዳይጨመር፣ አንድም እንዳይቀነስ ማንም ቃል ሊገባለት ዝግጁ ነበር።

«አይሰጥም» አለ።

«ይቅርታ?»

«ንድፉ አይሰጥም።»

ቶማ ኤርካሎ እምቢ ሲል ሰምቶ ስለማያውቅ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ጋሽ ኤርካሎ፣ የተሞክሮ ልውውጥ እኮ ግዴታ ነው።»

«የእኔን ተሞክሮ ነገርኳቸው። አትሥሩት አልኳቸው።»

ንድፉን ጠቀለለ፤ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። በኋላ ለዚህ ተግባሩ በግምገማ «ግትር» የሚል ደረጃ ተሰጠው፤ ወደ ትንሿ ገሱባ ከተማም ተዛወረ። በዚያ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የንድፍ ጠረጴዛ አልነበረም።

ያን ዕለት ግን ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ገበያው ሲሄድ፣ የልዑኩ ወጣት ባለሙያዎች ቀድመውት ድልድዩ ላይ ደርሰው ነበር። ሜትር ይዘው መጥተዋል። አንዱ ከላይ ሆኖ ቁጥር ይጠራል፤ አንዱ ይጽፋል፤ ሦስተኛው የሜትሩን ጫፍ የሚይዝለት አጥቶ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሟል። ኤርካሎን አየው፤ ማን እንደሆነ አላወቀውም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ጫፍ አንድ ጊዜ ይያዙልን።»

ኤርካሎ እጁ በልማድ ሊዘረጋ ሲል ንድፉን ወደ ደረቱ አስጠጋና በሁለት እጁ ያዘው። «እጄ ተይዟል፣ ልጄ» አለው። ግራና ቀኙን አይቶ፣ አንድ ባጃጅ አሳልፎ፣ መንገዱን በእግሩ ተሻገረ።